የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ወጪና ትርፍ እንዴት ይመዘናል?

በመጋቢት ማለቂያ ላይ አንድ አባት በዕረፍት ሰዓት ወደ መምህራን ክፍል መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጃቸው ያን ጊዜ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪያችን ነበረች። በእጃቸው ከአሜሪካ አገር ከአንድ አነስተኛ ኮሌጅ የተላከ ደብዳቤ ይዘዋል። ደብዳቤው ልጅቱ ለመግባት እንደተፈቀደላት ይገልጽና ዝቅ ብሎ የአንድ ዓመቱን ወጪ ያስቀምጣል፤ 84,000 ዶላር።

«መምህር፥ ለመሆኑ ይህ ኮሌጅ የሚያስተምረው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሊበራል አርትስ መሆኑን ብነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ሥዕል ነው?» አሉ። ሥዕል ብቻ አለመሆኑን፥ ሒሳቡም ፊዚክሱም ታሪኩም ፍልስፍናውም በአንድ ግቢ እንደሚሰጥ ለማስረዳት ሞከርሁ። «እንግዲያው ስትጨርስ ምን ተብላ ትጠራለች?» ሲሉኝ ግን ቶሎ መልስ አላገኘሁም። ሐኪም አትባል፤ መሐንዲስ አትባል። እኚህ ሰው የጠየቁኝን፥ ልጃቸው ነርስነቱን ወይም ኮምፒውተሩን ትቶ «ታሪክ አጠናለሁ» ያላቸው በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በየቤታቸው ይጠይቁታል። ስለዚህ ከልጅቱና ከአባትዋ ጋር ሆነን ያደረግነውን ስሌት፥ ከዚያም ወዲህ ያነበብሁትን ጨምሬ ለሥራ ባልደረቦቼና ለተማሪዎች ለማካፈል አሰብሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ሊበራል» ሲባል ከፖለቲካ፥ «አርትስ» ሲባል ከሥዕልና ከቲያትር ጋር የተያያዘ ይመስላል። ስሙ ግን ከላቲን የመጣ ነው፤ በጥንት ዘመን ባሪያ ላልሆነና በአደባባይ ቆሞ ለሚከራከር ነፃ ሰው የሚገባ ዕውቀት ማለት ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ እነዚህ ዕውቀቶች ሰባት ተብለው ተቈጠሩ፤ ሰዋስው፥ የንግግር ጥበብ፥ አመክንዮ፥ ሒሳብ፥ ጂኦሜትሪ፥ ሥነ ፈለክና ሙዚቃ። ሙዚቃም ቢሆን የሚጠናው በድምፆች መካከል ስላለው የቁጥር ዝምድና ስለ ነበረ፥ ከሰባቱ አራቱ የቁጥር ትምህርቶች ነበሩ ማለት ይቻላል። ሊበራል አርትስ ከሒሳብ ለሚሸሽ ተማሪ መጠጊያ ነው የሚለው አስተሳሰብ እንግዲህ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው።

ዛሬ በአሜሪካ በዚህ ስም የሚታወቁት እንደ ዊልያምስ፥ አምኸርስት፥ ቦዶይን፥ ስዋርዝሞርና ካርልተን ያሉት ኮሌጆች ናቸው። አብዛኞቹ ከ3,000 ያነሱ ተማሪዎች ያሏቸው፥ ተማሪው በግቢው ውስጥ የሚኖርባቸው፥ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ወይም ይህንኑ በዋናነት የሚሰጡ ናቸው። ተማሪው ሲገባ ሙያ አይመርጥም፤ ብዙውን ጊዜ ዋና ጥናቱን የሚለየው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ክፍሎቹ ትናንሽ ስለ ሆኑ ፕሮፌሰሩ ራሱ የጀማሪውን ጽሑፍ አንብቦ ያርማል። ስልሳና ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ለምናስተምር ለእኛ ይህ ምን ያህል ውድ ነገር እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። የኮሌጆቹ ወጪ የሚንረውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ መምህሩን በማሽን ወይም በትልቅ አዳራሽ መተካት አይፈልጉም።

ይህ ትምህርት እንጀራ ያበላል ወይስ አያበላም የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። የዬል ኮሌጅ መምህራን ገና በ1828 ይህንኑ ተጠይቀው፥ የኮሌጅ ተግባር አንድን ሙያ ለይቶ ማስተማር ሳይሆን ለሙያ ሁሉ የሚሆን መሠረት መጣል ነው ብለው በጽሑፍ መልሰዋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ኮሌጅ የሚገቡት በአብዛኛው ኑሯቸው የተደላደለ ሰዎች ልጆች ነበሩ። ከእጅ ወደ አፍ ከሚኖር ቤት የመጣ ተማሪ «መሠረቱ መልካም፤ ቤቱስ መቼ ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚፈረድበት አይመስለኝም።

የሚጠራው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ

መርካቶ ገብቶ መጀመሪያ የተጠራለትን ዋጋ የሚከፍል ሰው የለም። በአሜሪካ የግል ኮሌጆችም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይለይም። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው 84,000 ዶላር የትምህርቱን፥ የመኝታውን፥ የምግቡንና የመጻሕፍቱን ወጪ ደምሮ የሚጠራ ዋጋ ነው፤ ሙሉውን የሚከፍሉት ግን ባለጸጎቹ ናቸው። የኮሌጆች የፋይናንስ ኃላፊዎች ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት መሠረት፥ በ2023/24 የግል ኮሌጆች ከአዲስ ገቢ ተማሪዎች ከሚጠይቁት የትምህርት ክፍያ ውስጥ በአማካይ 56 ከመቶ ያህሉን በድጎማ መልክ መልሰው ትተውታል። ከመርካቶ የሚለየው፥ ቅናሹን የሚወስነው የገዢው የመከራከር ችሎታ ሳይሆን የቤተሰቡ ገቢና ኮሌጁ ለተማሪው ያለው ፍላጎት መሆኑ ነው።

ታዲያ ዋጋውን መጀመሪያውኑ ለምን ዝቅ አያደርጉትም? አንዳንዶች ሞክረውታል። ለምሳሌ ሴንት ጆንስ ኮሌጅ ከ52,000 ዶላር በላይ የነበረውን የትምህርት ክፍያ ወደ 35,000 ዝቅ እንደሚያደርግ በ2018 አስታውቋል። አብዛኞቹ ግን ይፈራሉ፤ ርካሽ ዕቃ ጥራት የለውም የሚል ገዢ እዚያም አለና። በዚህ የተነሣ ድሀው ቤተሰብ የተጠራውን ዋጋ ብቻ አይቶ ሳያመለክት ይቀራል። የአሜሪካ መንግሥት በ2008 ባወጣው ሕግ ከ2011 ጀምሮ እያንዳንዱ ኮሌጅ የተጣራውን ዋጋ የሚያሰላ መሣሪያ ለሕዝብ እንዲያቀርብ ያስገደደውም ስለዚሁ ነው። መሣሪያው የተሠራው ለአገሩ ተማሪዎች ስለ ሆነ ከውጭ የሚያመለክት ተማሪ ውጤቱን እንዳለ መቀበል የለበትም።

ኮሌጆቹም በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም። እንደ አምኸርስትና ቦዶይን ያሉት፥ የውጭ ተማሪ እንኳ ቢሆን የመክፈል ችሎታውን ሳያዩ ይቀበሉና የጎደለውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። ዊልያምስ ከ2022 ጀምሮ ከድጎማው ውስጥ ብድርን ፈጽሞ አስወጥቷል። በኬንታኪ የሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅ ከ1892 ወዲህ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ በምትኩ ተማሪው ሁሉ በየሳምንቱ በግቢው ውስጥ ሥራ ይሠራል። በሌላ በኩል ብዙ ኮሌጆች የውጭ ተማሪ ሲያመለክት የሚጠይቀውን ገንዘብ መጠን ከማርኩ ጎን አስቀምጠው ይመዝናሉ። አንድ ልጅ «አልተቀበሉኝም» ብሎ አንገቱን ሲደፋ ሁልጊዜ በማርኩ ምክንያት አለመሆኑን እኛ መምህራን ልንነግረው ይገባል።

ወደ ልብስ ሰፊው ደብዳቤ እንመለስ። ሁለተኛው ገጽ ሲገለጥ 79,500 ዶላር ድጎማ ተጽፎበታል። ቤተሰቡ የሚጠበቅበት እንግዲህ በዓመት 4,500 ነው። አባትየው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ልጅቱ ራስዋ «ጋሼ፥ ድጎማው በየዓመቱ ይኸው ነው?» ስትል ሁላችንም ዝም አልን። ጥያቄዋ ከእኔ ዕውቀት የቀደመ ነበር።

ወረቀት አውጥተን አሰላነው። ወጪው በየዓመቱ 4 ከመቶ ይጨምራል እንበል። ድጎማው ባለበት 79,500 ከቆመ፥ ቤተሰቡ በመጀመሪያው ዓመት 4,500፥ በሁለተኛው 7,860፥ በሦስተኛው 11,354፥ በአራተኛው 14,989 ዶላር ይከፍላል፤ በድምሩ 38,703። ድጎማው ከወጪው ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ ግን የቤተሰቡ ድርሻ በ4,500 ይጸናል፤ በአራት ዓመት 18,000። በአንዲት ዐረፍተ ነገር ምክንያት ዕዳው ከእጥፍ በላይ ይለያያል። ዐረፍተ ነገሩዋም በደብዳቤው ላይ አልነበረችም። ይህን ስሌት ኋላ ለዐሥራ አንደኛ ክፍል የሒሳብ መልመጃ አድርጌ ሰጥቼው ነበር፤ ከመጽሐፉ ጥያቄ ሁሉ ይልቅ ክፍሉን ያነቃቃው ይኸው ሆነ።

ትርፉ መቼ ይደርሳል?

በ2020 የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የትምህርትና የሥራ ጥናት ማእከል ከ200 በላይ የሚሆኑ ሊበራል አርትስ ኮሌጆችን መርምሮ ነበር። የተመራቂዎቹን ገቢ ገምቶ፥ ለትምህርት የወጣውን ቀንሶ፥ የቀረውን ወደ ዛሬ ዋጋ መለሰው። ወደ ዛሬ ዋጋ መመለስ ማለት ምን እንደ ሆነ ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዐሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ እያንዳንዱ የሚደርሰው ዐሥራ ሁለት ሺህ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለትና የመጨረሻው ዕጣ የወጣለት እኩል አገኙ የሚል የለም። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትም እንዲሁ የሩቁን ገንዘብ ከቅርቡ አሳንሰው ይቈጥሩታል።

ውጤቱ እንዲህ ነው። ተማሪው ኮሌጅ ከገባ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲታይ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች መካከለኛ ትርፍ 62,000 ዶላር ሲሆን፥ የአሜሪካ ኮሌጆች ሁሉ መካከለኛ ደግሞ 107,000 ነው። በዚህ ብቻ ቢፈረድ አባትየው ልክ ናቸው። አርባ ዓመት ሲሞላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሊበራል አርትስ 918,000፥ የሁሉም መካከለኛ 723,000። ጤፍ ዘርቶ በዚያው ዓመት ማጨድና ቡና ተክሎ ዓመታት መጠበቅ ሁለት የተለያየ ኑሮ የሚጠይቁትን ያህል ነው። ቡናው እስኪያፈራ ቤቱ የሚበላው ሊኖረው ይገባል።

መዘግየቱ የሚመጣው ከየት ነው? አንደኛው ምክንያት ብዙዎቹ ተመራቂዎች ወደ ሕግ፥ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ሌላ ከፍተኛ ጥናት መቀጠላቸው ነው፤ በዐሥረኛው ዓመት ገና መማሪያ ወንበር ላይ ያሉ ወይም ሥራ የጀመሩ ናቸው። እንግዲህ የአርባ ዓመቱ ትርፍ የመጀመሪያው ዲግሪ ብቻ ያስገኘው አይደለም፤ የሚቀጥለውም ትምህርት አለበት፥ ያም የራሱ ወጪ አለው። ሌላው ምክንያት የሙያ ዕውቀት እርጅና ነው። የሃርቫርዱ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ዴቪድ ዴሚንግ እንዳሳየው፥ የምሕንድስናና የኮምፒውተር ምሩቃን በከፍተኛ ደመወዝ ይጀምራሉ፤ ይሁን እንጂ የተማሩት መሣሪያ በአዲስ እየተተካ ሲሄድ ብልጫቸው በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ውስጥ እየጠበበ ይመጣል።

ሆኖም 918,000 የሚለውን ቁጥር ይዞ የሚሮጥ ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ። ጥናቱ የተመሠረተው የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ድጋፍ ባገኙ ተማሪዎች መረጃ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከናይሮቢ የሚሄድ ተማሪ በቁጥሩ ውስጥ የለበትም። ደግሞም መካከለኛው ብዙ ነገር ይሸፍናል። በዝርዝሩ አናት ላይ የተገኘው በካሊፎርንያ የሚገኘው ሃርቪ መድ ኮሌጅ ሲሆን፥ እርሱ ሳይንስና ምሕንድስና ላይ ያተኰረ ነው። በአንድ ኮሌጅ ውስጥ እንኳ የኢኮኖሚክስ ምሩቅና የቲያትር ምሩቅ ደመወዝ አይገናኝም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ትርፉን ያመጣው ኮሌጁ ነው ወይስ ተማሪው? ጐበዝ ልጅ የትም ቢገባ ጐበዝ ነውና። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 ባወጡት ጥናት ይህን በብልሃት ለመለየት ሞክረዋል። ለተመሳሳይ ኮሌጆች አመልክተው ተመሳሳይ መልስ ያገኙ ተማሪዎችን ወስደው፥ አንዱ ስመ ጥሩውን፥ ሌላው ያን ያህል ስም የሌለውን የመረጡትን አነጻጸሩ። ከዓመታት በኋላ የሁለቱ ገቢ ያን ያህል አልተለያየም። በዚያውና በ2011 ባወጡት ተከታይ ጥናት ግን በግልጽ የተጠቀሙ ወገኖች ተገኙ፤ ከድሀ ወይም ብዙ ካልተማሩ ወላጆች የተወለዱት፥ እንዲሁም ጥቁርና ሂስፓኒክ ተማሪዎች። ጥናቱ የአሜሪካ ልጆችን የሚመለከት ቢሆንም ምክንያቱ ለእኛም እንግዳ አይመስለኝም። የሚኒስትር ልጅ ሰው የሚያስተዋውቀው አባቱ ነው፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ግን ያን የምታገኘው ከኮሌጁ ብቻ ነው።

ሌላም ሥጋት አለ። ትናንሽ ኮሌጆች ይዘጋሉ። ማርልቦሮ በ2020፥ በ1868 የተመሠረተው ዌልስ ደግሞ በ2024 ተዘግተዋል። ስዊት ብራየር በ2015 ሊዘጋ ከተወሰነ በኋላ በቀድሞ ተማሪዎቹ ትግል ተረፈ። ሀብታም ኮሌጅ ትልቅ ድጎማ ሲሰጥ ከመጠባበቂያ ገንዘቡ ላይ ነው፤ ድሀ ኮሌጅ ትልቅ ድጎማ ሲሰጥ ግን ምናልባት ወንበር ለመሙላት ሲል የራሱን ዕድሜ እያሳጠረ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ደብዳቤዎች ሲታዩ ግን አንድ ዐይነት ናቸው።

በአሜሪካ የሚኖረው ቤተሰብና ከዚህ የሚሄደው ተማሪ

በአሜሪካ ነዋሪ ለሆኑ ወገኖቻችን አደጋው ብድሩ ላይ ነው። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ ከመንግሥት በራሱ ስም የሚበደረው በአራት ዓመት 27,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ይህ የሚቻል ነው። ከዚህ የተረፈውን ወላጅ ይበደራል። በ2025 የወጣው ሕግ ይህንን የወላጅ ብድር ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአንድ ልጅ በዓመት በ20,000፥ በጠቅላላው በ65,000 ዶላር እንዲወሰን አድርጓል፤ ቀድሞ እስከ ሙሉ ወጪው ድረስ ይፈቀድ ነበር። በእኔ አስተያየት ኀምሳ ዓመት ያለፈው፥ ታክሲ እየነዳ የሚያድር አባት ለኮሌጅ ስም ሲል ይህን ሁሉ ሊሸከም አይገባውም፤ ጥሩ የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲ በአጠገቡ እያለለት።

ከዚህ የሚሄድ ተማሪ ያ ብድር ጭራሹን አይፈቀድለትም። በትምህርት ጊዜ መሥራት የሚችለው በግቢው ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ነው። ከተመረቀ በኋላ በሙያው ለ12 ወራት መሥራት ይችላል፤ ጥናቱ በሳይንስ፥ በቴክኖሎጂ፥ በምሕንድስና ወይም በሒሳብ ዘርፍ ከተመደበ 24 ወራት ይጨመርለታል። እንግዲህ የዋና ጥናቱ ስም የሦስት ዓመትና የአንድ ዓመት ደመወዝ ልዩነት ያመጣል ማለት ነው። አንዳንድ ኮሌጆች ኢኮኖሚክስን በዚህ መደብ ውስጥ ስላስገቡት ሌሎቹ ደግሞ ስላላስገቡት ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ከዚህም ሌላ የብሩ ነገር አለ። በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተተወ ወዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዶላር በብር ሲገዛ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዶላሩ 4,500 ሆኖ ቢቆይ እንኳ የልብስ ሰፊው ዕዳ በብር አይቆምም።

በአገር ውስጥ ያለውም ምርጫ ከሚዛኑ መውደቅ የለበትም። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ከ2003 ወዲህ በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ድርሻውን ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ከ2019/20 ወዲህም የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉ የጋራ የሆኑ ትምህርቶች፥ አመክንዮ ጭምር፥ የሚሰጡበት እንዲሆን ተደርጓል። ተመልሶ ለሚመጣ ተማሪ ደግሞ የክፍት ቦታ ማስታወቂያዎቻችን የዲግሪውን ስም ለይተው የሚጠይቁ መሆናቸው አንድ ራሱን የቻለ እንቅፋት ነው።

በአህጉራችን ሌላ መንገድ የከፈተ ሰውም አለ። ጋናዊው ፓትሪክ አዉአ በስዋርዝሞር በድጎማ ተምሮ፥ በማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሆኖ ከሠራ በኋላ፥ ወደ አገሩ ተመልሶ በ2002 አሼሲ የተባለውን ኮሌጅ አቋቋመ። በአሼሲ የኮምፒውተር፥ የንግድ ሥራና የምሕንድስና ተማሪዎች ሁሉ የጽሑፍ፥ የሥነ ምግባርና የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርቶችን በግዴታ ይወስዳሉ። አባትየው «ምን ተብላ ትጠራለች?» ላሉት የአሼሲ ምሩቅ ሁለቱንም መልስ መስጠት ይችላል።

ልጅቱ በዚያው ሳምንት ለኮሌጁ ጻፈች። ሦስት ነገር ጠየቀች፤ ድጎማው ከወጪው ጋር ያድጋልን? የጤና ኢንሹራንሱ በ84,000 ውስጥ ተቈጥሯልን? ኢኮኖሚክስ በየትኛው መደብ ነው? መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ድጎማው በየዓመቱ እንደገና ይታያል፤ የቤተሰቡ ገቢ እስካልተለወጠ ድረስ የቤተሰቡ ድርሻ ከ4,500 አይጨምርም። ኢንሹራንሱ ተቈጥሯል። ኢኮኖሚክስ ከሳይንሱ መደብ አልገባም፤ ሒሳብ ግን ገብቷል።

አባትየው መልሱን ሳነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው አደመጡ። «አይጨምርም ያሉት በጽሑፍ ነው?» አሉ።

«በጽሑፍ ነው፥ አባቴ።»

«ማኅተም አለው?»

ማኅተም አልነበረውም፤ የኃላፊዋ ስምና ፊርማ ነበረበት። ወረቀቱን አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና የአውሮፕላኑ ቲኬት ስንት እንደ ሆነ ጠየቁኝ።